የደመወዝ ቅርጫ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁንስ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። «እስከ ዛሬስ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ያለኝ ግን አንድም የለም። ቢጠይቁኝ እኮ አፌን ሞልቼ ነበር የምናገረው! ሥራዬ ሰው ማስቀረት ነበር። ሰው ተከፍቶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከበሩ ሲደርስ «ቆይ እስቲ፣ ምን ሆነሃል?» ብዬ የምይዘው እኔ ነበርኩ። መጠሪያዬ የሰው ኃይል አስተዳደር ይላል። ኃይሉን ተዉት፤ ሰው ራሱ ከሌለ ምኑ ይተዳደራል?

ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ግን አምባሰል፣ ውጫሌ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ እድገት የሚሰጠው ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ሰላም ላለው ነበር። እኔ ደግሞ ሰላምታ ላይ ማን ይችለኛል! «እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው፣ ከብቱስ ደኅና ነው?» እያልኩ ቶሎ አደግኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በጽሕፈት ከእኔ እጥፍ ትፈጥን ነበር፤ ዓይን አፋር ስለሆነች ብቻ ባለችበት ቀረች። አንድ ቀን ሥራዋን ትታ ሄደች። አለቃችን «ምን ጎደለባት?» ብሎ በጣም ተገረመ። እውነቱን ነው የተገረመው፤ ሰላም ብላው ስለማታውቅ መኖሯንም የሚያስታውስ አይመስለኝም።

ወደ ሐይቅ የተመለስኩት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ነው። ማኅበሩ ጀልባ፣ መረብና በረዶ ቤት አለው፤ ዓሣውን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሆቴሎች ይልካል። ዓሣ ደግ ነገር ነው። ሥጋ ቢሆን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ዓሣ ግን ሁላችንንም አንድ ገበታ ያስቀምጠናል። ክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ሲይዙማ ለኛ ሰርግና ምላሽ ነው፣ ትእዛዙ አያድርስ ነው።

የአስተዳደሩ ኃላፊ አያ ይመር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉ እንጂ እጃቸውን የማያስገቡበት ሰው። ገና በመጀመሪያው ረመዳን ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ፤ አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እኔ እሳሳታለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ወደድኳቸው።

አያ ይመር ደመወዝ ላይ አንድ አመል ነበራቸው። «ሳልሞክረው አልተምነውም» ይላሉ። አንድ ሥራ ጭማሪ ሲጠየቅለት ከወንበራቸው አይገኙም። ለጀልባ ነጂዎቹ ጭማሪ የተጠየቀ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ አብረው ሐይቁ ላይ ወጡ። ያን ዕለት ንፋስ ተነሣ። እሳቸው የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድደው፣ ቁርሳቸውን ለሐይቁ መልሰው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አያ፣ እንዴት ነበር?» አልኳቸው ሳቄን እየዋጥኩ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው የሚከፈለው ለመንዳት መስሎኝ ነበር። እኔ እግዚኦ ስል እሱ መረቡን ይቆጥራል! የሚከፈለው ለዚያ ነው» አሉኝ።

በረዶ ተሸክመዋል፤ መረብ ጠግነዋል፤ ከዘበኛው ጋር ብርድ ላይ አድረዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አራት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ ይህ ሥራ ሲበላሽ ምን ይጠፋል? ሌላ ሰው ለማልመድ ምን ያህል ይፈጃል? በሠራተኛው ገላ ላይ ምን ይተዋል? ማንም ቆሞ ሳያየው በትክክል ይሠራዋል ወይ? ስም አይጠይቁም፣ ዲግሪ አይጠይቁም፣ የማን ዘመድ እንደሆነ አይጠይቁም። እኔም አራቱን ጥያቄዎች እንደ ፋቲሃ በቃሌ ያዝኳቸው። እሳቸው ጡረታ ወጥተው አምባሰል እርሻቸው ላይ ሲከትሙ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያ ጉድ የመጣው። የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ጌታሁን ደግ ሰው ነው፤ ሰው ሲከፋው ማየት አይችልም። በአንድ ዓመት ለጭማሪ የተገኘው ገንዘብ ለግማሹ ሠራተኛ እንጂ ለሁሉም አልበቃ አለ። ለማን ይሰጥ? እዚህ ቤት ጭቅጭቅ፣ እዚያ ቤት ኩርፊያ። በመጨረሻ አቶ ጌታሁን ብድግ አለና «ዕጣ ይጣል!» አለ። «ቅርጫ ገብቶ የተጣላ ሰው አይታችኋል? አባቶቻችን በሬ አርደው የሚካፈሉት በምንድን ነው? በዕጣ! ፈጣሪ የሰጠውን ማን ይቀማዋል?»

ኧረ እልልታ! ኧረ ጭብጨባ! ሼሁም ቄሱም ቢመጡ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አይገኝም ተባለ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ፣ ምን ይደረግ። ዕጣው ወጣ። ዘበኝነቱን በእንቅልፍ ለሚጨርሰው ሰውዬ ደረሰው። እንድሪስ ባዶ ወጣበት።

እንድሪስ የሞተራችን ሐኪም ነው። የጀልባውን ሞተር ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ ምን እንዳመመው የሚያውቅ ልጅ። ባዶ ዕጣውን አየና ሳቀ። «ዕጣዬ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም ሳቁን አምኜ «አይ ጨዋ!» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አፋር ወርዶ ሎጊያ አንድ ጋራዥ ተቀጠረ ተባለ። ጾሙ እንደገባ ሞተሩ ቀጥ አለ። ትእዛዙ እንደ ጉድ ይጎርፋል፣ ጀልባዋ ዳር ላይ ተገትራለች። ሆቴሎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ ሻጭ አዞሩ፤ ያን ጾም ማኅበሩ እንደ አራስ ተኝቶ ከረመ።

ስልክ ደወልኩለት። «እንድሪስ፣ ምነው? ከፍቶህ ከሆነ ለምን አትነግረኝም ነበር? እኔ እህትህ አይደለሁም?»

«እትዬ» አለኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «ሰው ቢበድለኝ ለሰው እከስ ነበር። ዕጣ ነው ካላችሁ በኋላ ግን ማንን ልክሰስ? ፈጣሪን?»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጭማሪ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ አቤት የሚባልበትን በር መዝጋት ግን ሌላ ነው። እኛ ደግሞ በሩን ዘግተን እልል አልንበት!

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ አምባሰል፣ ወደ አያ ይመር ሄድኩ። እርሻቸው ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ስል ጭራሽ ሳቁ። «ስሚ፣ ቅርጫ ላይ ዕጣው መቼ ነው የሚጣለው?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ከዚያ በፊትስ ምን ይደረጋል?»

«ይመደባል።»

«እህ! ማለዳውን ሙሉ ሲመደብ ነው የሚዋለው። ከታናሹም ከሽንጡም፣ ከጉበቱም ለየመደቡ ይደርሳል። ይቺ አነሰች፣ ከዚያች ቀንስና ጨምርባት ይባላል። ሰዉ ለምን እንዲያ የሚጠነቀቅ ይመስልሻል? የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅማ! ነግ በእኔ ነው። ፍርዱ ያለው መደቡ ላይ ነው፣ ልጄ። እናንተ መደቡን ትታችሁ ዕጣውን ብቻ አንሥታችሁ ሮጣችሁ። ያ ቅርጫ አይደለም፤ ቁማር ነው።»

ሱብሃነላህ! ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነገር እኮ ነው። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ሙሽራ ልትቀበይ ነው?» አሉኝ። ከሙሽራም የሚበልጥ ይዣለሁ አልኳቸው።

ይህን የያዝኩትን ነገር የምሞክርበት ቀን ግን ቶሎ አልመጣም። የመጣው በመዲና ነው።

ሆቴሎቹን መልሰን ያገኘናቸው ዓሣውን እንዳለ መሸጥ ትተን ሥጋውን ከአጥንት ለይተን ማቅረብ ስንጀምር ነው። ለዚህ ሥራ ሴቶች ተቀጠሩ፤ የቡድኑ መሪ መዲና ሆነች። መዲና ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። ሥራው ግን ሲጀመር ከሁሉ በታች ተመደበ። «የማጀት ሥራ እኮ ነው፤ ሴት ሁሉ ቢላዋ ትይዛለች» ተባለ። ጭማሪ ሲጠየቅ «ለከርሞ» ነው መልሱ። ከርሞም ይመጣል፣ ሌላ ከርሞም ይመጣል። መዲና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ታሾፍ ነበር።

ጡረታዬ የደረሰበት ዓመት፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ቢሮዬ መጣች። ቀልድ የለም።

«እትዬ፣ ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ። ደላላው ሁሉን ጨርሷል። እሄዳለሁ።»

«ልጅሽስ?»

«ለእናቴ ትቻት። እንዳለፈው።»

«መዲና፣ በሞቴ!»

«ያኔ ስመለስ ልጄ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? በር ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ጓዳ ሮጣ ‹እማዬ፣ አንዲት ሴትዮ መጥታለች› አለች። ‹እማዬ› የምትለው አያቷን ነው። ወድጄ የምሄድ ይመስልሻል? እዚህ ግን እጄ አለቀ፣ ደመወዜ የልጄን ጫማ አይገዛም። ተስፋውን ደግሞ ጠገብኩት። እንዳትለምኝኝ።»

አልለመንኳትም። በፋንታው በማግስቱ ሽርጥ አገልድሜ የሴቶቹ ክፍል ገባሁ። «እትዬ፣ ምን ልትሆኚ?» አሉኝ ሁሉም ባንድ አፍ። «ሳልሞክረው አልተምነውም» አልኳቸው። መዲና አንድ ቆሮሶ ዓሣ ወርውራ ሰጠችኝ። ቢላዋው ከጆሮ ግንዱ ኋላ ይገባል፣ የጀርባ አጥንቱን እየዳሰሰ ወደ ጭራው ይወርዳል። በእሷ እጅ ሥጋው እንደ ሻሽ ተገፎ ይመጣል። በእኔ እጅ ግማሹ አጥንቱ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ስሞክር ቢላዋዬ ወደ ውስጥ ጠለቀና ሐሞቱ ፈነዳ፤ አረንጓዴው ውሃ ሥጋውን አለበሰው። «አበቃለት» አለች መዲና፣ «ይቺ ተደባልቃ ብትሄድ ሆቴሉ የቀኑን ጭነት በሙሉ ይመልሰዋል። ሐሞት ያለቀሰበት ዓሣ አይበላም።» በረዶው ጣቴን አደነዘዘው፤ አንጓዬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል። ሴቶቹ ከት ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን ውስጤ ይፈላ ነበር። የማጀት ሥራ ያለው ማነው? ይምጣና ይሞክረው!

በቀጥታ አቶ ጌታሁን ዘንድ ሄድኩ። «ቅርጫ እንግባ» አልኩት። «ደግሞ ዕጣ?» አለና ደነገጠ። «ዕጣ የለም፤ መደብ ብቻ» አልኩት።

እንዲህ አደረግን። የማኅበሩ ሽማግሌዎች፣ የጀልባ ነጂዎቹ አለቃና አቶ ጌታሁን ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አሸዋው ላይ ሦስት መደብ አሰመርኩ፤ የላይኛው፣ መካከለኛው፣ የታችኛው። ለእያንዳንዱ ሥራ እንደ ቅርጫ ዕጣ አንድ ምልክት ያዝኩለት፤ ለአንዱ ኮርኪ፣ ለሌላው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለሌላው የመረብ ቡሽ። ምልክቱ የየትኛው ሥራ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ መመደብ ደግሞ የእነሱ እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። ለአራቱ ጥያቄዎች መልሱን የሰበሰብኩት ከሠራተኛው ሲሆን፣ አጠገቡ የሚሠራ ሌላ ሰው «እውነት ነው» ብሎ መስክሮበታል። የራሴንም ሥራ አስገብቻለሁ፤ ምልክቱ ሚስማር፣ ምስክሯ የሒሳብ ሠራተኛዋ። ልዋሽ አልችልም፣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነው፤ መውጫዬ ላይ ከፍ ብል ቀሪ ዘመኔ ደልደል ይልልኝ ነበር።

ኮርኪውን አነሣሁ። «ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ሲሳሳት የቀኑ ገቢ ሁሉ ይጠፋል። ለማልመድ ዓመት አይበቃም። በገላ ላይ ቁርጥማት ይተዋል፤ ጠባሳም አለበት። ማንም ቆሞ አያየውም፣ ስሕተቱ የሚታወቀው ዓሣው ከሄደ በኋላ ነው።»

የጀልባዎቹ አለቃ ደረቱን ነፋ። «ይኼማ እኔ ነኝ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። «ላይኛው! ላይኛው!» ተባለ። ኮርኪው ላይኛው መደብ ላይ ተቀመጠ። እንዳልስቅ ነጠላዬን ነከስኩ። ቀጥዬ የአለቃውን የራሱን አነበነብኩ፤ እሱንም ላይኛው አደረጉት። የመረብ ጠጋኙ መካከል ገባ፤ ዘበኛው «ብርድ አለበት» ተብሎ መካከል ገባ።

ሚስማሩን አነሣሁ። «ይህ ሥራ ሲሳሳት በማግስቱ ይታረማል። ትምህርት የጨረሰ ልጅ በጥቂት ወር ይለምደዋል። ተቀምጠው ስለሚሠሩት ወገብ ይይዛል እንጂ ሌላ የሚተወው የለም።»

«ይቺንማ እኔም ልሥራት!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ሚስማሩ ያለ ክርክር ታች ወረደ።

ከዚያ ገለጥኩት። «ኮርኪው የእነ መዲና ሥራ ነው።»

ሁሉም ወደ ኮርኪው ዞሩ። አቶ ጌታሁን «አታለልሽን!» አለ።

«የቱ ጋ ዋሸሁ? ንገረኝ።»

የጀልባዎቹ አለቃ ራሱን ነቀነቀ፤ ይቆጣል ብዬ ፈርቼው ነበር። «እውነቷን ነው» አለ፣ «እኔ በነፍሴ ቆርጬ ያመጣሁትን እነሱ ሐሞት ካፈነዱበት ምን አመጣሁ ይባላል? ይቀመጥ፣ ባለበት ይቀመጥ።» ወዳጄ፣ ያን ጊዜ ተነሥቼ ብስመው ደስ ባለኝ! ሽማግሌዎቹም «መደብ ከተመደበ አይነሣም» አሉ። ጭማሪው ከዚያው ወር እንዲጀምር ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ የሚስማሩ መደብ የዚያ ዓመት ጭማሪ እንደሌለውም ተያዘ።

«ሚስማሩስ የማን ነው?» አሉ እኚያ ሽማግሌ።

«የኔ።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ኋላ እኔ ስስቅ እነሱም ሳቁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ አመመኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሠራሁት ሥራ አሸዋ ላይ ከዘበኛው በታች ወድቆ ሳየው ዓይኔ ውሃ ሞላ።

አቶ ጌታሁን ደግ ሰው ነው ብያለሁ። ሰዉ ሲበተን ክንዴን ያዘኝና ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሰዓዳ፣ ጡረታሽ ደርሷል። የለፋሽውን እኛ እናውቃለን። ይቺን ሚስማር አንድ መደብ ከፍ ብናደርጋት ማን ያያል? ሽማግሌዎቹንም እኔ አናግራቸዋለሁ።»

ወላሂ አማረኝ። ቤቴን አሰብኩ፣ መድኃኒቴን አሰብኩ። ከዚያ ያ «ማን ያያል» ያለው ነገር የአያ ይመር አራተኛ ጥያቄ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ።

«አይነካ» አልኩት። «መዳቢ መደብ አይመርጥም።»

እየሮጥኩ የሴቶቹ ክፍል ገባሁ። መዲና እጇን ታጥባ፣ ሽርጧን ፈትታ፣ ቆማለች። ጓደኞቿ ዙሪያዋን ተኮልኩለዋል፤ የምሥራቹን ሰው ቀድሞኝ ነግሯቸው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«መዲና፣ ላይኛው መደብ! ሰማሽ? ላይኛው!»

«ሰማሁ። አሁን ላይኛው ነው። ሞቅታው ሲበርድስ? ጾሙ ሲያልፍስ? እኔ ስንት ተስፋ ሰምቻለሁ፣ እትዬ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ያንቺስ ሥራ የት ወደቀ?»

«ታችኛው ላይ።»

«ከኛ በታች?»

«ከዘበኛውም በታች።»

«እናስተካክልልሽ አላሉሽም?»

«ብለውኛል።»

«እና?»

«እምቢ አልኩ።»

ትክ ብላ አየችኝ። እንዲያ አድርጎ ሰው አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ስልኳን አወጣች፤ ደላላው ገና «ሃሎ» ከማለቱ፣

«ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አለችው፣ «እኔ ሥራ አለኝ።»